ቀዳሚው ውሃ ለእንግዳ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት

ካርቡሬተር እያጠብኩ ነው። ያው አቧራ። ባለፈው ሳምንት ያጠብኩት ባጃጅ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ባለቤቱን፣ አቦ አንተ ልጅ፣ ይሄን ባጃጅ በቤንዚን ነው ወይስ በአፈር የምትነዳው አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የእኔ ሳቅ ከከንፈር አላለፈም።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ቀልድ አትጠብቂ። ዘሃራ ልትሄድ ነው።

ዘሃራ የእህቴ የፋጡማ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔው ቤት ያደገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሰብልና አትክልት ተምራ፣ ጥቁር ካባ ለብሳ ተመርቃ፣ አሁን በሰው ሱቅ ሳሙና ትሸጣለች። "ሚኒስትሯ" እላታለሁ። የሳሙና ሚኒስትር። ድሮ ትስቅ ነበር።

ትናንት ቁርጡን ነገረችን። ደላላ አግኝታለች። በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ዐረብ አገር። መኪናው ዐርብ ሐምሌ 25 ንጋት ላይ ይነሳል። ፋጡማ ስልኳን አነሳችና የጀማልን ቁጥር ደወለች። ጀማል የዘሃራ ታላቅ ወንድም። በዚያው መንገድ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትላለች። ፋጡማ እስከ መጨረሻው ታዳምጣታለች። ከዚያ ትዘጋለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

አንድ ቀዳዳ አለ። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያሽግ፣ ድልህም የሚሠራ ድርጅት ቦታ እየፈለገ ነው። በአስፋልቱ ዳር ያሉትን ከተሞች አንድ በአንድ ያያል፤ የእኛዋ ቆቦም አለችበት። ዘሃራ፣ እዚህ ከገባ እቀራለሁ፣ ካልገባ እሄዳለሁ አለች።

"አጎቴ ሙሄ፣ ደግሞ ቀልድ እንዳትጀምር።"

አልጀመርኩም። ከተወለድኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። ከመግሪብ ሰላት በኋላ

ከድርጅቱ ሴት መጣች። ወ/ሮ ራሔል። ቦታ አይታ ለባለቤቱ የምትመክረው እሷ ናት። መኪናዋ ሮቢት ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቀረ፤ እሷ በሚኒባስ ገባች። ከመናኸሪያ ማን አነሳት? መምጣቷን ሰምቼ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ፣ በባጃጄ። አላህ ሲሰጥ በባጃጅ ይሰጣል።

መቀመጫውን በእጄ ጠረግሁላት። በመሐረቧ ደገመችው። መሐረቡን አየችው። እኔም አየሁት።

ከእግሬ ሥር ቲማቲም በቅርጫት ይዣለሁ፤ በጉድጓድ ውሃ ከሚያለማ ወዳጄ የተቀጠፈ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል። አንዱን በላች። ማርያምን፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለች። በቃ ገባልን አልኩ በሆዴ። ቲማቲም ፈልጎ የመጣ ሰው ቲማቲም ካየ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ብዙ ጠየቀች። ሠራተኛው ምን ውሃ ይጠጣል። መብራት ምን ያህል ይጠፋል። ጤ/ጣቢያው ማታ ሰው አለው ወይ። ከአ.አ. የምታመጣቸው ባለሙያዎች ልጆቻቸውን የት ያስተምራሉ። እሑድ ቀን የት አረፍ ይላሉ። እኔ ጋራዥ አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ለውሃው ተንኮል አዘጋጅቼ ነበር። ቧንቧው ውሃ ካመጣ ሰንብቷል። ጎረቤቴ በአህያ አስቀድቶ ሮቶውን ሞልቶ፣ እኛ ስንደርስ ቧንቧውን እንዲከፍት መክሬዋለሁ። ከፈተ። ፏ አለ። ራሔል እጇን ታጠበች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ደስ አላት። አህያዋ ከጓሮ ጮኸች። ስለ አህያዋ አልጠየቀችም።

ቦታው ላይ ስንደርስ ግን ተንኮሌ አለቀ። የተከለለው መሬት ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ሆርማት ወንዝ በኩል ነው። ባዶ፣ ግራጫ፣ ነፋስ የሚጋልብበት። አጠገቡ ሁላችንም ቆሻሻ የምንደፋበት ጉድጓድ። ሽታውን ሽሽት ዙሪያ መንገድ ወሰድኳት፤ ነፋሱም አብሮን ዞረ። የሆነ ሰው ፌስታል ያቃጥላል። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አቧራው ተነሳ። ዓይኗን ጨፈነች። እዚህ ምግብ ማሸግ ይከብዳል አለች፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ።

ግን ዘግታ አልሄደችም። በሳምንቱ፣ ሐምሌ 16፣ ባለቤቱን ይዛ ትመለሳለች። እሱ አይቶ ይወስናል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

የአህያዋን ነገር ለዘሃራ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ።

"ለፋብሪካውም በአህያ ልትቀዳለት ነው?" አለችኝ።

ከዚያ ራሔል የጠየቀችውን አንድ በአንድ አስደገመችኝ። ውሃው፣ መብራቱ፣ አቧራው። ማታ የታመመ ወዴት እንደሚሄድ። እሑድ የት እንደሚኬድ። እኔም እኮ ከተመረቅሁ ጀምሮ የምጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው አለች። ሴትዮዋ ስትጠይቅ ቅርጫት ተሸክማችሁ ትሮጣላችሁ። እኔ ስጠይቅ "ሚኒስትሯ ተቆጣች" ይባላል።

አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዛሬ ፈታ።

ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ትምህርቴ ከሬዲዮና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩት ነው። እዚያ ላይ፣ መሬትና ምርትና መንገድ ካለ ባለሀብት ይመጣል ይላሉ። መሬት አለን። ምርት አለን። አስፋልቱ በመሐላችን ያልፋል። አስፋልት ግን ለመምጣትም ለመሄድም ነው። ባለሀብቱም ልጅቷም የሚያዩት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ሰው ሆኖ መኖር ይቻላል ወይ። እኛ ለሁለቱም ቲማቲም እናሳያለን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ማታ

ቆሻሻው ላይ ዘመትን። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሰው ወጣ። እኔ በመሐል እየተመላለስኩ ክርስቲያኖቹን "ሙስሊሞቹ ቀደሟችሁ" እላለሁ፤ ሙስሊሞቹን "ክርስቲያኖቹ ቀደሟችሁ" እላለሁ። አካፋው እሳት ተፋ። ለቀትር ጉድጓዱ በአፈር ተደፈነ። ነገ ቆሻሻችንን የት እንደምንደፋ ማንም አልጠየቀም። እኔም አላነሳሁትም።

የቀረው አቧራው ነው።

ወደ አባ ሞላ ሄድኩ። የውሃ አባታችን ናቸው። እዚህ ቆላው ላይ ከሰማይ የሚደርሰን ትንሽ ነው፤ ዋናው ዝናብ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ይወርድልናል። ከወንዙ ጠልፈን፣ በቦይ መርተን፣ ማሳ ለማሳ በተራ እናጠጣለን። ተራውን የሚሰጡት የውሃ አባት ናቸው። የዓመቱ ቀዳሚ ጎርፍ ደለልና ፍግ ጠርጎ ስለሚመጣ ማንም ለማንም አይለቀውም። በእሱ የተነሳ ወንድማማች ተጣልቶ በሽማግሌ ታርቋል። ዘንድሮ ገና አልወረደም።

አሳቤን ነገርኳቸው። ቀዳሚውን ውሃ ለእንግዶቹ መሬት እንስጥ። ውሃ የጠጣ መሬት አቧራ አያነሳም። ዛሬ ወይ ነገ ቢወርድ፣ እስከ ረቡዕ ጠጥሮ፣ ጠቁሮ፣ ጥሩ አፈር አፈር እየሸተተ ይቆያቸዋል። እንደ ሙሽራ ተኩሎ።

"ሙሄ፣ ይሄ ከቀልድህ ነው ወይስ የምር?"

የምር ነው አባ፣ አልኳቸው። ዘሃራን ያውቋታል። ጀማልንም ያውቁት ነበር። ሌላ አልጠየቁኝም።

ሰዉን ሰበሰቡ። ቀዳሚው ተራ የወጣለት አንድ ጎልማሳ ነው፤ ማሽላው ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል። ተነሳ። ለእንግዳ አልጋ ይለቀቅ የለ፣ ውሃም ይለቀቃል አለና ተቀመጠ። አባ ሞላ መረቁ። አሚን አልን፣ አሜን አልን።

እኔ ሰው አስለቅሼ አላውቅም፣ አስቄ ነው የማውቀው። ዛሬ ራሴ ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ። ለዘሃራ አልነገርኩም። መሬቱ ሲያምር በዓይኗ ትየው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ደረቅ። ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ደመና የሚባል የለም። ብሎን በፈታሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። አንዱ ደንበኛ፣ አያ ሙሄ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ የምትጠብቀው አለኝ። አዎ፣ ጎርፍ የጫነ አልኩት።

ያረቢ፣ ዛሬ ካወረድከው ይደርሳል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ከአሱር በኋላ

ደመናው መጣ። ከተራራው ጫፍ ላይ እንደ ጥቁር ብርድ ልብስ ተጣለ። አሁን ግን ዘገየ። ዛሬ ማታ ከወረደ ለነገ አይደርቅም። እንግዶቹ የሚያገኙት ጭቃ ነው።

ትናንት ና እያልኩ የለመንኩትን ዛሬ አትምጣ እለምናለሁ።

አባ ሞላ ዘንድ ሄጄ ተራው ይቅር ልላቸው ተነሳሁ። ከበራቸው ተመለስኩ። ያን ሁሉ ምርቃት በምን አፌ ልመልሰው። ያ ሰው ማሽላውን አስጠምቶ ለቆልኝ። ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ምናልባት ዝናቡ ወደ ጎረቤታችን ዋጃ ያልፍ ይሆናል። ምናልባት

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። ንጋት

ወረደ። ከሱብሂ ሰላት ስወጣ ድምፁን ሰማሁ። ሮጥኩ።

ሁሉም ደርሰዋል። ቅርንጫፍ ያነጥፋሉ፣ ድንጋይ ይደረድራሉ፣ በበሬ አፈር ይገፋሉ። ውሃው ተጠልፎ በቦዩ ወደ እንግዶቹ መሬት ይጋልባል። አባ ሞላን ያዝኳቸው። ይመልሱት አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"የተሰጠ ተራ አይመለስም። ደግሞ አሁን ቦዩን ብሰብረው የታችኞቹን ማሽላ ጠርጎ ይሄዳል። ለአንተ እንግዳ ብዬ የድሃ ማሽላ ላስበላ?"

አያስበሉም። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን አላስበላም።

ያ ተራውን የለቀቀው ጎልማሳ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይስቃል። አያ ሙሄ፣ ደረሰልን፣ አብሽር ይለኛል። አካፋ አንስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ምን ላድርግ።

ያው ረቡዕ። ማታ

ልጽፈው አልፈልግም። ይጻፍ።

መሬቱ ሐይቅ ሆኖ ጠበቃቸው። ቡናማ ሐይቅ። ውሃው ቅዳሜ የደፈንነውን ጉድጓድ ቦርቡሮ ከፍቶታል። ፌስታሉ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ፣ ያረጀው ጫማ፣ ሁሉ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። የከተማችን ገመና አንድም ሳይቀር ተሰልፎ ወጣ።

ሰዉ እስከ ጉልበቱ በጭቃ፣ ዳር ዳሩን ቆሞ አጨበጨበላቸው። አባ ሞላ ወደ መኪናው ቀርበው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ባለቤቱ ወጣት ሰው ነው፣ ጨዋ። ነጭ ጫማ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወረደ። መለሰው። ይሄ ጎርፍ ሁሌ ይመጣል ወይ ብሎ ራሔልን ጠየቃት። አባ ሞላ ሰሙት። ኮሩ።

"በየዓመቱ ልጄ። አምናማ ከዚህም ይበልጥ ነበር።"

ራሔል ወደ እኔ አየች። ዓይኔን ወደ ባጃጄ መለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ካርታ ዘረጉ፣ አጠፉ፣ ሰዉን አመሰገኑ። መኪናው ሲዞር ጎማው ጭቃ ረጨ። ልጆች ሳቁ።

ዘሃራ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። የሱቁን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ከራሔል ስልክ የለም። ጋራዡን ከፈትኩ፣ ምንም አልሠራሁም።

ዘሃራ ማን እንዳሰበው ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

"ጥሩ ስጦታ ነበር፣ አጎቴ። ለገበሬ።"

በዱላ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን ሳትነግረኝ አለች። ላስደንቅሽ አልኩ። የተማርኩት እኮ ይሄንኑ ነበር አለች። ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ብትጠይቁኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ሱቋ ሄደች። ቤት ስገባ ልብሷን እያጠፈች አገኘኋት። ትንሽ ቦርሳ። ደላላው ትልቅ አይፈቀድም ብሏታል። ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ተወችው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22። ቀትር

ራሔል ደወለች። ራሷ መደወሏ ጨዋነት ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወይና ደጋው ላይ ያለች አንዲት ከተማ መርጠዋል። ቲማቲም እንደኛ የላትም። ዛፍ ያለበት መንገድ፣ የማይቋረጥ ውሃ፣ ሆስፒታል፣ ደህና ት/ቤት አላት። ቲማቲሙን ከእናንተው በመኪና እንጭናለን አለች። ሰውን ግን ጭነን አምጥተን ኑር ማለት አንችልም።

ውሃው ስጦታ እንደነበር ነገርኳት። ቀዳሚው ተራ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ማሽላውን አስጠምቶ እንደለቀቀው። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አለሁ አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አድርጎልን አያውቅም። ቀጥላ፣ ጎርፉ ባይመጣም መልሱ ይሄው ይሆን ነበር አለች። እንዳይከፋኝ ብላ ይሁን እውነቷን አላውቅም። እውነቷን ከሆነ ይብሳል።

ለመንኳት። የእህቴ ልጅ ተምራለች፣ እዚያም ቢሆን ውሰጃት አልኩ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ለምኜ አላውቅም። ግንባታው ገና አልተጀመረም፣ ቅጥር ሲወጣ ትወዳደር አለች። መቼ? ከዓመት በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ።

ለዘሃራ ነገርኳት። "እስከዚያ ሳሙና?" አለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24። ከዙሁር በኋላ

ያልሞከርኩት የለም። ሼሁን አመጣሁ፤ በአክብሮት ሰማቻቸው፣ እጃቸውን ሳመች፣ አልቀረችም። አባ ሞላም መጡ፤ ቃል ጀምረው አልጨረሱም። ጫማዋን ደበቅሁ። ዱቄት ዕቃ ውስጥ አገኘችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለታችንም በሳቅ እንሞት ነበር። ጫማውን አራገፈችና በሩ ሥር አኖረችው።

ፋጡማ አትበላም። ስልኩንም ዛሬ አልደወለችም።

ደላላውን አገኘሁት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጥላ ሥር፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ። አንድ ቦታ ያዝልኝ አልኩት። ለማን ብሎ ጠየቀ። ለእኔ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ፋዘር፣ ሽማግሌ ሰው ያዘገያል፣ በረሃው ላይ የሚቆምልህ የለም አለኝ። እንግዲያው መኪናህ ፊት እተኛለሁ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያይሃል አልኩት። አሰበበት። ጥሩ፣ አደራ እንዳትጎተት አለ። አብሽር አልኩት።

ለመጎተት ነው የምሄደው።

ወሰንኩ። ፋብሪካ ማምጣት አልቻልኩም። ከተማ መለወጥ አልቻልኩም። ማርፈድ ግን እችላለሁ፤ በዚህ የሚስተካከለኝ የለም። በየመውረጃው እወርዳለሁ። ሆዴን ያመኛል። ውሃዬ ይፈስሳል። ለአፋሮቹ ሁሉ ሰላምታ ሳልጨርስ አልነቃነቅም። ደላላውን በሳቅም በንዴትም አስመርረዋለሁ። ዘሃራ እኔን በረሃ ላይ ጥላ አታልፍም፤ አሳድጌያታለሁ፣ አውቃታለሁ። ትሰድበኛለች። ታለቅሳለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ትመልሰኛለች። ካልመለሰችኝም ብቻዋን አትሆንም።

ለፋጡማ ነገርኳት። ወንድሜ አበድክ አላለችም። የጋራዡን ቁልፍ ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ሄዳ ስንቄን መቋጠር ጀመረች።

ዐርብ፣ ሐምሌ 25። ንጋት

መኪናው መጥቷል። መብራቱን አጥፍቶ ቆሟል።

ዘሃራ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እኔን በሩ ላይ ስታይ፣ ከእግሬ ሥር ያለውን ስንቅ ስታይ፣ ቆመች። ወዴት ነው አለችኝ።

ጉልበቴን ያመኛል፣ አልኳት። ከፊት ቦታ ያዢልኝ።